አደይ ከጸደይ ጋር ምን አገናኘው?

መስከረም በጠባ ቁጥር ወደዚህች መጽሔት ሣጥን የሚገቡትን ግጥሞች ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አደይ አበባ የሌለበት ግጥም ማግኘት ጭንቅ ነው። አደይ ባለበት ደግሞ ሁለት ስንኝ ሳይርቅ ጸደይ ከተፍ ይላል፤ ጸደይ ከመጣ ተስፋ ይከተላል፤ ተስፋ ከተከተለ ግጥሙ አለቀ ማለት ነው። የማንንም ስም አላነሣም፣ ስንኝም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ የአንድ ገጣሚ ጉዳይ አይደለምና። ጉዳዩ አንድ ቃል በሁላችንም እጅ እንዴት ማኅተም ሆኖ እንደቀረ ነው። ማኅተም ደግሞ ይመታል እንጂ አይነበብም።

እስቲ ከቤት መድፊያው እንጀምር። «አደይ» እና «ጸደይ» በአማርኛ ቤት እንደሚመቱ ማንም ያውቃል። እንዲህ ያለ የተመቻቸ ጥንድ በቋንቋችን ብዙ የለም፤ ገጣሚ ቢወደው አይፈረድበትም። ነገር ግን የባሕረ ሐሳቡን የወቅት አቆጣጠር ገልጦ ላየ ሰው ጥንዱ ይፋታል። በዚያ አቆጣጠር ዓመቱ አራት ክፍል ነው፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። ጸደይ ማለት እንግዲህ የበልጉ ወቅት ነው። አደይ የሚፈነዳው በጳጉሜንና በመስከረም ነው፤ ጥቅምት ሲገባ ይጠወልጋል። አደይ ሲያብብ ጸደይ ገና ስድስት ወር ይቀረዋል ማለት ነው! እንዲያውም በዚህ አቆጣጠር ከሄድን አደይ የሚያብበው መጸው እንኳ ሳይገባ፣ በክረምት ጭራ ላይ ነው።

ይኸ የካህናት ቆጠራ ነው፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ሌላ እንማራለን የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ በዛሬ አነጋገር መስከረምን ጸደይ የሚለው ብዙ ነው። ግን ለምን እንዲህ ተባለ? አንደኛው ምክንያት የፈረንጅ መጽሐፍ ይመስለኛል፤ አበባ የሚፈነዳበት፣ ብርዱ የሚያልፍበት የእነሱ ወቅት በአማርኛ ሲተረጐም «ጸደይ» ተባለ፤ እኛም አበባችንን አንሥተን ወደዚያ ወቅት ወሰድነው። ሁለተኛው ምክንያት ያው የቤት መድፊያው ነው። መጸው ከአደይ ጋር ቤት ይመታል? አይመታም። ስለዚህ መጸው ከግጥም ወጣ፤ የወጣው ጥፋት ኖሮበት ሳይሆን «ይ» ስለሌለው ነው።

ይህን እንደ ቀልድ ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን ጀርባው ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። አደይ በሚፈነዳበት ጊዜ ገበሬው ቤት ምን አለ? የዋናው መኸር እህል የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲያ ነው። በመስከረም ያለፈው ዓመት እህል ተሟጦ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት፣ እሸት ለመቅመስ ጥቂት ሳምንት የሚጠበቅበት፣ ዘመድ ከዘመድ ብድር የሚለምንበት ጊዜ ነው። ተራራው ቢጫ ለብሶ ጎተራው ባዶ ነው። በግጥሞቻችን ግን አደይ የጥጋብ፣ የፍሥሓ፣ የሙላት ምልክት ነው። ይኸን የሚጽፈው እህል በኪሎ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ነው። አበባው ለከተሜውና ለገበሬው አንድ ነው፤ የሚናገረው ግን አንድ አይደለም። ለገበሬው አደይ «ትንሽ ቀርቷል፣ ያዝ» የሚል ይመስለኛል። «ደረሰልህ» ማለትና «ትንሽ ቀርቷል» ማለት ደግሞ ምንና ምን ናቸው? በመካከላቸው አንድ ሙሉ ግጥም የሚያስጽፍ ርቀት አለ፤ እኛ ግን ያንን ርቀት በቤት መድፊያ ዘለልነው።

«ግጥም የዕፀዋት ትምህርት አይደለም፤ ገጣሚ ነፃነት አለው» ይባል ይሆናል። አለው። ገጣሚ ቢፈልግ በጥር አደይ ያስፈንዳ፤ ግን አውቆ ያስፈንዳ። ጥር ላይ አደይ መፈንዳቱ ተአምር ወይም ጉድ መሆኑን ግጥሙ ራሱ ይወቅ። እኔ የምቃወመው ነፃነቱን አይደለም፤ ስንፍናውን ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ ምክንያቱም ከግጥሞቹ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር አለና። አንዳንዱ ገጣሚ ግጥሙን ሲያስገባ ከግርጌው ማብራሪያ ይጽፍልናል፤ «አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ ቃሉ ትግርኛ ነው» እያለ። ከዚያም አበባዋን እናት ያደርጋታል፣ እናትን አገር ያደርጋታል፣ ነገሩ እየሰፋ እየሰፋ ይሄዳል። ወሬው ያምራል። እውነት ነው፤ በትግርኛ «ኣደ» እናት ነው፣ «ኣደይ» እናቴ ነው። አንዲት ትግርኛ ተናጋሪ የክፍል ጓደኛችንን ስለዚህ ጠየቅኋት። ሳቀች። «እኛ እኮ አበባውን ገልገለ መስቀል ነው የምንለው» አለችኝ። ቆይ፣ ታዲያ ቃሉ ከትግርኛ መጣ የሚባለው አበባ በትግርኛ ሌላ ስም አለው ማለት ነው? አዎን። ባለቤት የተባለው ቋንቋ ስሙን ሳይጠቀምበት፣ አማርኛ ብቻውን «እናቴ» እያለ የሚጠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልስ የግርጌ ማብራሪያ እስካሁን አላየሁም።

የሰዋስው ነገርም አለ። በትግርኛ የእናቴ አበባ ለማለት አበባው ይቀድማል፤ «ዕምባባ ኣደይ» ይባላል። «ገልገለ መስቀል» የሚለውም ያንኑ መንገድ ይዞ መስቀሉን ኋላ አስቀምጧል። በአማርኛ ደግሞ እናት ባለቤት ብትሆን ኖሮ «የ» ታስፈልግ ነበር፤ «የመስቀል አበባ» እንደምንለው። በተለመደው አጠራር ግን «አደይ አበባ» ብለን እናልፋለን፤ እንደ «ቀይ አበባ»፣ እንደ «አዲስ አበባ»። አደይ እዚህ ላይ ቅጽል ይመስላል፣ ወይም ራሱን የቻለ ስም። እርግጥ ቃል ከጎረቤት ቋንቋ ሲመጣ ሰዋስውን አገሩ ትቶ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ይኸ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። ግን ማብራሪያ ጸሐፊዎቻችን ሊያስቡበት ይገባ ነበር።

ሌላም አለ። በትግርኛ «ዓዲ» አገር ወይም መንደር ነው፤ «ዓደይ» አገሬ ማለት ነው። ትግርኛ የጉሮሮውን «ዐ» ከአልፋው «አ» ለይቶ ያሰማል፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን «ኣደይ» እና «ዓደይ» አንድ ናቸው። እንግዲህ በድምፅ መመሳሰል ከሄድን አበባዋ እናቴም ናት፣ አገሬም ናት። ሁለቱም ደስ ይላሉ፣ ሁለቱም ለግጥም ይመቻሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ደስ የሚለው መልስ ቶሎ ከመጣ ሰውየው ቃሉን ሳይሆን ምኞቱን እያነበበ ነው። ከትግርኛ ጋር መዛመዳችንን ማሳየት ከተፈለገ ለዚያ የሚሆን ሺህ ቃል አለ፤ በአንድ ባልተረጋገጠ አበባ ላይ ሁሉን ሸክም መጫን ለዝምድናውም አይበጅም።

ሦስተኛው ወገን «አደይ ከአዲስ የመጣ ነው» ይላል። ዓመቱ አዲስ፣ ከተማው አዲስ አበባ፣ አበባው አደይ። እሺ፤ «አዲስ» ግን ሥሩ «ሐደሰ» ነው፤ «ሰ»ን የት ጣላት? አንድ ፊደል ከሥር ላይ እንዲሁ አይወድቅም፤ ከወደቀም በሌላ ቃል ላይ ሲወድቅ ማሳየት ያስፈልጋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ያስተማሩን ትልቅ ነገር ይኸ ነው፤ መጀመሪያ ግሡ፣ መጀመሪያ ሥሩ፤ ተረቱ ኋላ ይመጣል። እኛ ዘንድ ግን ተረቱ ቀድሞ ሥሩ ተከታይ ሆኗል። ዕንቁጣጣሽን እንኳ ተመልከቱ። ንግሥተ ሳባ ለጣቷ ዕንቁ ተሰጣት፣ «ዕንቁ ለጣትሽ» ተባለ የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የልጃገረዶቹ ዘፈን ስም ደግሞ አንዱ «አበባየሁሽ» ብሎ ይጽፈዋል፣ ሌላው «አበባየሆሽ»፣ ሌላው «አበባዮሽ»፤ እያንዳንዱም አጻጻፉን የሚደግፍ ትርጉም አለው። የመስከረም ቃላት ሁሉ እንደዚህ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ በአፍ ይመጣሉ፣ ማንም ቆም ብሎ አይመረምራቸውም።

የድምፅ መመሳሰል ማስረጃ ነው የሚል ካለ አንድ ፈተና ልስጠው። ኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ለሚጠራበት ለዚሁ ወቅት «ቢራ» የሚል ስም አለው። ከሚጠጣው ቢራ ጋር ዝምድና አለው? በዓል በዓል ስለሚሸት አለው የሚል ይኖር ይሆን? እንግዲህ በዚሁ መንገድ ነው አደይን እናት ያደረግነው።

ኦሮምኛን ካነሣሁ አይቀር አበባውን የሚጠራበትን ስም ልንገራችሁ፤ «ኬሎ» ይባላል። «ኬሎ» ደግሞ የቢጫ ቀለምም ስም ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወው፤ ግን ነገሩ እንዴት ያምራል! ቀለሙና አበባው አንድ ቃል ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ገጣሚ «ኬሎ» ሲል ስለ ተስፋ መስበክ አያስፈልገውም፤ ሜዳው ራሱ በቃሉ ውስጥ አለ። አማርኛ ከቡና «ቡናማ» አውጥቷል፣ ከብርቱካን «ብርቱካንማ» አውጥቷል፤ ከአደይ ግን «አደይማ» አላወጣም። ቢጫችን ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ አደያችንም የበዓል ቃል ሆኖ ቀረ። በነገራችን ላይ አበባ በኦሮምኛ «አባቦ» ነው። ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ፓስፖርት አያሳይም፤ «አበባ» የሚለውን ቃል እንኳ ከጎረቤት ጋር አብረን እየተጠቀምንበት «የማን ነው?» ብሎ የሚጨነቅ ገጣሚ አላየሁም። በአደይ ላይ ብቻ ነው የዘር ሐረግ የምንቆጥረው።

እስካሁን ያፈረስሁ ብቻ ከመሰላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የስሙ ምንጭ በተረት አይገኝም ማለቴ ስሙ ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም። ትርጉሙ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «አደይ» ሲል ብዙውን ጊዜ «አበባ»ን ይጨምርበታል። ጽጌረዳም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷታል። «ጽጌ» በግእዝ አበባ ነው፤ ሆኖም «የጽጌረዳ አበባ» እንላለን፤ አበባን ሁለት ጊዜ መጥራታችን ነው። ለምን? የመጀመሪያው ክፍል ድምፅ ብቻ ሆኖ ስለቀረብን ነው። «አደይ»ም እንደዚያው ለጆሯችን የተዘጋ ቃል ነው። የተዘጋ መሆኑ ግን ድክመት አይደለም። «የመስቀል አበባ» የሚለው ስም ግልጽ ነው፤ በዓሉን ይነግርሃል፣ ደመራው ጫፍ ላይ ታስሮ ታየዋለህ፣ አለቀ። «አደይ» ግን ምንም አይነግርህም፤ ስለዚህ የሚነግርህ ራሱ ነገሩ ነው፤ ያ ቢጫ፣ ያ ጭቃ፣ ያ የጠዋት ጤዛ፣ ገና ያልደረቀው የአጥር እንጨት። ቃሉን «እናቴ» ብሎ የተረጐመው ሰው ይህን በር ዘጋብን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምሳሌ አብዝቶ የመጫን ልማድ ከየት መጣብን? ከግእዙ ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ዘመነ ጽጌ ነው፤ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ አበባዋ እመቤታችን ናት፣ ፍሬው ልጇ ነው። እዚያ ምሳሌው ቤቱ ነው፤ ሙሉ ሥርዐት አለው፤ ዜማ አለው፣ ስደት አለው፣ ትርጓሜ አለው። «ጽጌ» የአንድ የተወሰነ አበባ ስም ስላልሆነ ሁሉን መሸከም ይችላል። እኛ ያንን ሸክም አውርደን ሜዳ ላይ ባገኘነው በአደይ ላይ ጫንን፤ ሥርዐቱን ግን አላመጣንም። የሃይማኖቱ ነገር ሲወጣ የቀረው ባዶ ምልክት ነው፤ በባዶው ውስጥ የየዘመኑ ሰው የፈለገውን ያስገባበታል። አብዮቱ በነበረበት ዘመን መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነበረ፤ ከዕንቁጣጣሽ በማግሥቱ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም «አዲስ ዘመን ነኝ» ያለ ሁሉ መስከረም ላይ የሚፈነዳ አበባ በቅርብ አግኝቷል። አበባው እምቢ አይልም፤ አፍ የለው።

እዚህ ላይ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የ1966 ዓ.ም. የግጥም መጽሐፍ ርእስ ባነሣ ደስ ይለኛል፤ «እሳት ወይ አበባ»። ርእሱን ብቻ ነው የማነሣው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው በመካከል ያለው «ወይ» ነው። አበባው ዋስትና የለውም፤ ከጎኑ እሳት ቆሟል፤ መምረጥ ወይም መጠበቅ ያስፈልጋል። የእኛ አደይ ግን «ወይ» የለውም። ሁልጊዜ ያብባል፣ ሁልጊዜ ደስ ይላል፣ ማንንም አያስጨንቅም። የማያስጨንቅ አበባ ለፖስት ካርድ ይበቃል።

በቅርብ ያለው እውነተኛው ተክል ግን ከግጥሞቻችን የበለጠ ጉድ አለበት። ሳይንሱ የሚጠራው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ብሎ ነው፤ ሌሎች የቢደንስ ዝርያዎችም በአገራችን በዚሁ በአደይ ስም ይጠራሉ። ቢደንስ የሚለውን የወገን ስም ሊኔዎስ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ መዝግቦታል፤ ትርጉሙ «ባለ ሁለት ጥርስ» ነው፤ የዚህ ወገን ብዙዎቹ ዘሮች ጫፋቸው ላይ ሁለት ሹል ነገር ስላላቸው። ማክሮፕቴራ ደግሞ «ትልቅ ክንፍ» ነው፤ ይኸም ለዘሩ የተሰጠ ስም ነው። አስተውሉ፤ ሳይንቲስቶቹ ስም ያወጡት ለቢጫው አይደለም፣ አበባው ከረገፈ በኋላ ለሚቀረው ለዘሩ ነው። እኛ ዓይናችንን ከአበባው በማናነሣበት ጊዜ እነሱ ጥቅምት ላይ የደረቀውን አንሥተው ጥርሱን ቆጠሩ። ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ የአፍሪካን ቢደንሶች በሙሉ መርምረው በ1993 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ዛሬ የዚህ ተክል ሙሉ ሳይንሳዊ ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «መስፍን» የሚል ይገባበታል። የአበባችን ስም ከአገራችን ሰው ስም ጋር በእርግጠኝነት የተሳሰረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ተረት።

ሌላም አለ። ቅጠለ አበባ የምንለው እያንዳንዱ ቢጫ ምላስ ለብቻው አንድ አበባ ነው፤ መካከሉ ላይ ያሉት ጥቃቅኖችም እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው። አንድ አደይ ስትቀጥፍ የቀጠፍከው ጉባኤ ነው። ኑግም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በመስከረም መጨረሻ ጎጃም ላይ ሜዳው ቢጫ ሲሆን «አደይ በአደይ ሆነ» የሚለው ከአውቶቡስ መስኮት የሚያየው መንገደኛ ነው፤ ወርዶ ቢያይ አንዱ ማሳ ኑግ፣ ሌላው መጭ ሆኖ ያገኘዋል። ገበሬው ኑጉን ለዘይት ይዘራዋል፣ መጩን እንደ አረም ይነቅለዋል፤ ንቧ ግን ሁሉንም ትቀስማለች።

የመስቀል ወፍ ነገርም ከዚህ አይርቅም። አልፎ አልፎ የሚመጣ ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» ተብሎ ይወቀሳል። ወፉ ግን የትም አልሄደም። ወንዱ በዝናቡ ወራት ለርቢ ደማቅ ላባ ይለብሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ ከመካከላችን ይኖራል፤ የማናውቀው እኛ ነን። አደይም ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ሆኖ በእግራችን ሥር ነበረ፤ ግጥም የጻፈለት የለም።

በመጨረሻ ስለ አንዲት እኅቱ ልናገርና ላብቃ። የአደይ የቅርብ ዘመድ የሆነች፣ ከአሜሪካ አህጉር የመጣች፣ ዛሬ በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር የምትበቅል ቢደንስ አለች። አበባዋ ትንሽ ነው፤ ዘሯ ግን ሱሪና ቀሚስ ላይ እየተሰካ አላፊ አግዳሚውን ያስመርራል። የሕዝቡ ስም ለእሷ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «የሰይጣን መርፌ»! ወገናቸው አንድ፣ ጥርሳቸው ያው ጥርስ፤ አንዷን በእቅፍ ይዘን ለዘመድ እንሰጣለን፣ ሌላዋን ከካልሲያችን ላይ እየነቀልን እንራገማለን። የመጀመሪያውን ስም የሰጠው ዓይን ነው፣ ሁለተኛውን የሰጠው ቁርጭምጭሚት። በዚህ ስም ውስጥ ምሬት አለ፣ ቀልድ አለ፣ የእግረኛ ሕይወት አለ፤ ትርጉሙን ለማስረዳት የግርጌ ማብራሪያም አያሻውም። እስካሁን ወደዚህች መጽሔት ሣጥን የሰይጣን መርፌ ያለበት ግጥም የገባ አላየሁም። የጻፈ ካለ ያምጣው፤ ከአደዮቹ አስቀድመን እናነበዋለን።